መበለቶቹ ያሳዩት ልብስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ወደ ቅድስት ሀገር ከሚመጡት ተሳላሚዎች በናታንያ የሚያድሩ አሉ። ከተማዋ በ1921 ዓ.ም. በባሕር ዳርቻ የተቆረቆረች ናት። ስሟ የተወሰደው ለድሆች ልጆች ንጹሕ ወተት በማደል ከታወቀው አሜሪካዊ ባለጸጋ ከናታን ስትራውስ ሲሆን፣ በዕብራይስጥ ትርጓሜው «እግዚአብሔር ሰጠ» ማለት ነው። አዲስ ከተማ በመሆኗ ተሳላሚው የሚሳለመው ነገር የሌላት እየመሰለው ማልዶ ጓዙን ይሸክፋል። ነገር ግን ናታንያ የምትገኘው በኢዮጴና በቂሳርያ መካከል፣ በሳሮን ምድር ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ የቆርኔሌዎስ መልእክተኞች በጠሩት ጊዜ ከኢዮጴ ተነሥቶ በማግሥቱ ቂሳርያ የገባው ይህን ምድር አቋርጦ ነው።

ሐዋርያውን አስቀድሞ ወደ ኢዮጴ ያመጣው የአንዲት ሴት ሞት ነበር። ጣቢታ በሞተች ጊዜ አጥበው በሰገነት አኖሯት፤ ሁለት ሰዎችም ወደ ልዳ ሄደው ጴጥሮስን ለመኑት። ሲደርስ መበለቶች እያለቀሱ ከበቡት፤ በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውንም ቀሚስና ልብስ አሳዩት። ቅዱስ ሉቃስ ስለ ባሏ፣ ስለ ልጆቿ ወይም ስለ ርስቷ አንዳች አልጻፈም። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለችው ሴት ስም አስጠሪ የላትም ተብሎ ሊታዘንላት ይችል ነበር። ስሟን ያስጠሩት ግን ብድር ሊመልሱላት የማይችሉ ድሆች ሆኑ። ልብሱን ለሐዋርያው ለማሳየት ከሣጥን ማውጣት እንኳ አላስፈለጋቸው ይሆናል፤ በገላቸው ላይ ነበረና።

ለተዝካሩ ድግስ ዕድሜውን ሙሉ ገንዘብ የሚያስቀምጥ ምእመን አለ። ስለ ሙታን መጸለይና ነዳያንን ማብላት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ሆኖም ጣቢታ ነዳያኑን ለማልበስ አርባዋን አልጠበቀችም። የቆርኔሌዎስም ጸሎትና ምጽዋት ለመታሰቢያ ወደ እግዚአብሔር ያረገው በሕይወቱ ሳለ፣ ያውም ገና ሳይጠመቅ ነው።

ናታንያ የሚለው ስም በትንቢተ ኤርምያስም ይገኛል። የናታንያ ልጅ እስማኤል ከንጉሣዊ ዘር የተወለደ ሲሆን፣ በምጽጳ ከጎዶልያስ ጋር እንጀራ ከበላ በኋላ ተነሥቶ በሰይፍ ገደለው። አባትየው «እግዚአብሔር ሰጠ» የሚል ስም ነበረው፤ ልጁ ግን ለማዕድ እንኳ አላፈረም። በውጭ ሀገር ልጆቹን የሚያሳድግ ወላጅ ይህን ሲያነብ ሊደነግጥ ይገባዋል። ክርስትና ስምና የአንገት ማዕተብ በውርስ ይሰጣሉ፤ ጾምን፣ ጸሎትንና ለደካማ መራራትን ግን ልጅ የሚማረው ወላጁ ሲያደርግ አይቶ ነው። ተሳላሚዋ ከኢየሩሳሌም ጧፍና የዮርዳኖስ ውኃ ይዛ ስትመለስ፣ ልጇ ያመጣችውን ብቻ ሳይሆን የሆነችውንም ያያል። ቂም ይዛ ሄዳ ከቂሟ ጋር ከተመለሰች እርሱንም ያያል።

የሚሠሩትን ፍጻሜ አለማየትም አለ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በኢየሩሳሌም የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን አስጀመሩ፤ ነገር ግን መጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ወደቁ። ሕንፃው የተፈጸመው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ ተሳላሚው ጫማውን አውልቆ የሚገባበትን ደጅ ያስጀመሩት ንጉሥ አልረገጡትም።

ከናታንያ በባሕሩ ዳር ወደ ደቡብ ወርዶ ኢዮጴ የሚደርስ ሰው፣ በሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር የጣቢታ መቃብር ነው ተብሎ የሚታይ ዋሻ ያገኛል። የሠራቻቸው ልብሶች በዚያ የሉም፤ መበለቶቹ ለብሰው ጨርሰዋቸዋል።