«ይለምደዋል» ማለት ይበቃልን?



አንድን ፍጡር ከተፈጠረበት ቦታ አውጥተን በማይስማማው ቦታ ብናኖረውና ወዲያው ባይሞት፣ በደል ፈጽመናል ወይስ አልፈጸምንም? ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ የፍልስፍና መጽሐፍ ሳይሆን ከትንሽ ጣት የማይበልጥ አንድ ዓሣ ነው።

እዚህ ሎስ አንጀለስ በቤታችን ታናሽ ወንድሜ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አለው። በገንዳው ውስጥ የሞቃት ባሕር ኮራልና ዓሦች ስላሉበት ውሃው ሌት ተቀን 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እንዲሞቅ ይደረጋል። ባለፈው ዓመት ለልደቱ ካታሊና ጎቢ የሚባለውን ዓሣ ገዛሁለት። ብርቱካናማ ሰውነቱ ላይ ደማቅ ሰማያዊ መስመሮች ያሉበት፣ ዓይን የሚስብ ዓሣ ነው። ሻጩን «ከሌሎቹ ጋር ይስማማል?» ብዬ ብጠይቀው «ይለምደዋል» አለኝ። መስማት የፈለግሁት ይህንኑ ስለ ነበር ሌላ አልጠየቅሁም። ዓሣው በሰባተኛው ሳምንት ሞተ። ወንድሜም «ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ።

መልስ ስላጣሁ ማንበብ ጀመርሁ። ይህ ዓሣ ስሙን ያገኘው ከከተማችን ፊት ለፊት፣ ከባሕሩ ዳርቻ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከካታሊና ደሴት ነው። በዚያ በድንጋዮች ስንጥቅ ውስጥና ጃርት በሚመስል እሾሃም የባሕር እንስሳ መካከል ተጠግቶ ይኖራል። በአካባቢው ውሃው በቀዝቃዛው ወራት እስከ 14 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ በሞቃቱ ወራት ደግሞ ላይኛው ውሃ 20 ዲግሪ ደርሶ ጥቂት ያልፋል። ሙቀቱ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል። እኛ የሰጠነው ሙቀት የማይሄድ ነበር።

ዓሣ እንደ ሰው የራሱን ሙቀት አይጠብቅም፤ ውሃው ሲሞቅ እርሱም ይሞቃል። ሰውነቱ ሲሞቅ ሥራው ይፈጥናል፤ የሚያስፈልገው ኦክሲጅንና ምግብም ይጨምራል። ነገር ግን ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ በ15 ዲግሪ 8 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ በ25 ዲግሪ ከ7 ሚሊግራም በታች ይይዛል። እንግዲህ ዓሣው ፍላጎቱ በጨመረበት ሰዓት ስንቁ ይቀንስበታል ማለት ነው። ያን ሰሞን ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስና ወዲያ ወዲህ ሲል አይተን «እንዴት ያለ ንቁ ነው!» ብለን ነበር። ጭንቀቱን እንደ ደስታ ቆጠርንለት።

በዚህ ነገር ላይ ሦስት ክርክሮች ይነሣሉ። አንደኛው «በባሕርም ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ከሁለት ዓመት እምብዛም አያልፍም። ነገር ግን ጥቂት ካለው ላይ መቀነስ በደሉን ያብሰዋል እንጂ አያቀልለውም። ሁለተኛው «ቀስ በቀስ ቢለማመድስ?» የሚል ነው። መለማመድ ድንገተኛውን ድንጋጤ ያበርዳል እንጂ የዓሣውን ተፈጥሮ አይለውጥም። ሦስተኛው «ውሃውን በመካከለኛ ሙቀት ብናደርገውስ?» የሚለው ነው፤ ይህ አስታራቂ ይመስላል። ዳሩ ግን ውሃው ለጎቢው እስኪስማማ ድረስ ከቀዘቀዘ ኮራሎቹና የሞቃት ባሕር ዓሦች ይጎዳሉ። ደጋና ቆላን በአንድ መስታወት ውስጥ ማስታረቅ አይቻልም። ይህን ዓሣ ማኖር የሚፈልግ ሰው ለብቻው ሌላ ገንዳ አዘጋጅቶ፣ ውሃውን በማቀዝቀዣ መሣሪያ ጠብቆ ያኑረው። ይህን ማድረግ ካልቻለ አይግዛው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ሻጩ ድርሻ አለው። ይሁን እንጂ የእኔን ድርሻ እርሱ ሊሸከምልኝ አይችልም። በዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ተማሪ ሆኜ ሳለ፣ አንድ ገጽ ባነብ የማገኘውን እውነት የዓሣው ውበት አስረሳኝ። አለማወቅ ይቅርታ የሚያሰጠው ለማወቅ መንገድ ላጣ ሰው ነው፤ መንገዱ ተከፍቶለት እያለ ላልጠየቀ ሰው ግን ምክንያት አይሆነውም። ዓሣው እንደ ውሻ አይጮኽም፣ እንደ ድመት አያለቅስም። ስለዚህ ስለ እርሱ መጠየቅ ያለበት ወደ ቤቱ የሚወስደው ሰው ነው፤ የሚጠይቀውም ከመውሰዱ በፊት እንጂ ከሞተ በኋላ አይደለም።

ለወንድሜ ያን ዕለት «ምንም አላጠፋህም» ብቻ ብዬው ነበር። ካነበብሁ በኋላ ግን የቀረውን ነገርሁት፦ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ መጠየቅ ሲገባኝ አልጠየቅሁም።» ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲያው ሁለተኛ ከመግዛታችን በፊት አብረን እናንብብ» አለኝ። እኔም ከዚህ የተሻለ መደምደሚያ አላገኘሁም።