የልጅነት ዐመል ዕዳው በማን ላይ ነው?

የእንቁላሉን ሌባ ታሪክ ከአያቶቹ አፍ ያልሰማ ከመካከላችን ማን አለ? ሕፃኑ ከጎረቤት አንድ እንቁላል ሰርቆ ቢመጣ እናቱ ዝም ብላ ተቀበለችው። አድጎም በሬ ሰርቆ ለፍርድ በቀረበ ጊዜ፥ «ምነው እናቴ፥ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አላት ይባላል። ይህን ስንተርት የምንወቅሰው ሌባውን ነው፤ እርሱ ግን በዳኞች ፊት ቆሞ የእናቱን ዝምታ ከሰሰ።

የሴሎው ካህን ዔሊም ዝም አላለም ይሆናል፤ ልጆቹን አፍኒንንና ፊንሐስን በቃል ገሥጾአቸው ነበርና። ነገር ግን ክፋታቸውን እያወቀ አልከለከላቸውም (መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ 3፥13)። ዋጋውን የከፈለው የእርሱ ቤት ብቻ አልነበረም። በጦርነቱ ቀን ከእስራኤል 30,000 እግረኛ ወደቀ፥ ታቦቱም ተማረከ።

በአንድ ቤት የተጀመረ ጥፋት ሕዝብን ሁሉ ስንት እንደሚያስከፍል በዘመናችን በገንዘብ የቈጠሩ ሊቃውንት አሉ። በለንደን ከተማ በ10 ዓመታቸው የተመረመሩ 142 ልጆች እስከ 28 ዓመታቸው ድረስ ያስወጡት ወጪ ተሰልቶ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. ታተመ። በልጅነቱ የጠባይ ችግር ያልነበረበት በአማካይ 7,423 ፓውንድ፥ መጠነኛ ችግር የነበረበት 24,324 ፓውንድ፥ ጠባዩ እጅግ የታወከው ግን 70,019 ፓውንድ አስወጣ። ከሁሉ የበለጠው ወጪ በወንጀል ምክንያት የመጣው ነበረ፤ ልዩ የትምህርት እርዳታ፥ ከወላጅ ቤት ውጭ ማደግ፥ የመንግሥት ድጎማም ተከተሉት። የእናት እንቅልፍ ማጣት በፓውንድ አይመዘንም።

ሒሳቡ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ከእርሱ ጋር ፈተና ይመጣል። «ይህ ልጅ ለአገር ዕዳ ነው» ብለን በግምባሩ ላይ ልንጽፍበት እንችላለንና። እንግዲህ ዕዳው የማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል። በኒው ዚላንድ በደኒደን ከተማ በ1972 እና በ1973 የተወለዱ ከ1,000 የሚበልጡ ልጆች እስከ 38 ዓመታቸው ተጠኑ። ከመቶው 22 የሚሆኑት ብቻ በጠቅላላው ከተፈረደው የወንጀል ፍርድ ከመቶው 81 እጅ ተሸክመው ተገኙ። የእነዚህ ልጅነት ሲመረመር ድህነት፥ በደልና ራስን መግዛት አለመቻል ከሌሎቹ ይልቅ በዝቶባቸው ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ከማስከፈላቸው አስቀድሞ እነርሱ ራሳቸው ተወስዶባቸዋል። አገር ለሕፃንነታቸው ያልከፈለችውን በወህኒ ቤት ከፈለች።

ይህን ስል እናቶችን ሁሉ ልከስ አይደለም። ከማኅፀን ጀምሮ ቍጡና እረፍት የሌለው ልጅ አለ፤ የጠፋው ልጅ አባትም በሉቃስ ወንጌል እንደምናነበው መልካም አባት ነበረ። የጎረቤትን ልጅ እያዩ የጎረቤትን እናት መፍረድ በመንደራችን የበዛ ኃጢአት ነው።

ሌላም ነገር አለ። «በቀጣሽኝ» የሚለውን ቃል አንዳንዱ ለአለንጋ ፈቃድ አድርጎ ይወስደዋል። በአገራችን ልጅን በበርበሬ ጢስ የሚያጥኑም አሉ። ይህ ጭካኔ እንጂ ተግሣጽ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ አባቶችን ልጆቻቸው ተስፋ እንዳይቈርጡ አታስቈጡአቸው ሲል (ቈላስይስ 3፥21) ለእኛም ይናገራል፤ ዱላ የበዛበት ልጅ በመንገድ ላይ ራሱ ደብዳቢ ሲሆን እናያለንና። የሉተር ትምህርት የተስፋፋባት ስዊድን በ1979 ልጅን መምታት በቤትም ሳይቀር በሕግ ስትከለክል ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። በብዙ አገር ተፈትኖ የጠቀመው ሌላ መንገድ ነው፤ ወላጆች ተሰብስበው ይማራሉ፥ በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ከልጁ ጋር መጫወትን፥ መልካም ሲሠራ ወዲያው ማመስገንን፥ ትእዛዝን አሳጥሮ በጸጥታ መናገርን፥ ዛሬ የከለከሉትን ነገም መከልከልን። ቀላል ይመስላል፤ ደክሞ ከእርሻ ለገባ አባት ግን ከአለንጋ ይልቅ ይከብዳል።

ማርቲን ሉተር በ1524 ለጀርመን ከተሞች ሹማምንት በጻፈው ደብዳቤ፥ ለጠመንጃ፥ ለመንገድና ለድልድይ በየዓመቱ ይህን ያህል የሚያወጡ ከተሞች ለድሀ ልጆች አንድ ወይም ሁለት መምህር ለማኖር ስለ ምን እንደሚሳሱ ጠይቆአቸው ነበር። ለቆርቆሮና ለአጥር መዋጮ የምንሰበስብ እኛም ጥያቄውን ልንሰማ ይገባናል። በሰንበት ትምህርት ቤት የሚረብሽ ልጅ ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ይላካል፤ ሌሎቹ ሲዘምሩ እርሱ በአጥሩ ሥር ተቀምጦ ድንጋይ ይወረውራል። ሽማግሌዎች ለዚያ ክፍል ሁለተኛ መምህር ቢመድቡ፥ አንዱ መዝሙሩን ሲያስተምር ሁለተኛው ከዚያ ልጅ አጠገብ ሊቀመጥ ይችላል።