ዳኝነትና ግምጃ ቤት

የመንግሥት በጀት ሲዘጋጅ የፍርድ ቤት ወጪ ከመንገድ ጥገናና ከእንስሳት ሕክምና ወጪ ጎን ይሰፍራል። ለሒሳብ ሹሙ ይህ ተገቢ ነው፤ ሁሉም ገንዘብ ነውና። የግብረ ገብን ትምህርት ለሚከታተል ሰው ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣበታል። ፍትሕ መንግሥት አቅሙ በፈቀደለት መጠን የሚሰጠው አገልግሎት ነውን? ወይስ መንግሥት ግብር የመሰብሰብ መብት ያገኘበት ምክንያት ራሱ ነው? ይህን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ከምናወጣና ከምናወርደው ይልቅ፣ የጎረቤታችን የኬንያ የቅኝ ግዛት ዘመን ሕግ አውጪ ምክር ቤት ባለፈበት ታሪክ ላይ ተመርኩዘን ብንመረምረው እንደሚሻል አስበናል። (ዘመኖቹ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ምክር ቤቱ የተቋቋመው በ1907 ነው። በ1921 በተደረገው ቆጠራ በአገሪቱ የነበሩት አውሮፓውያን አሥር ሺህ አይሞሉም፤ አፍሪቃውያኑ ግን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በ1923 የለንደን መንግሥት ባወጣው ሰነድ የአገሬው ተወላጆች ጥቅም ከሌሎች ሁሉ ቅድሚያ እንደሚሰጠው በይፋ ተነገረ። በዚያው ሰነድ መሠረት በምክር ቤቱ ውስጥ አውሮፓውያን 11፣ ሕንዶች 5፣ ዓረቦች 1 ተመራጭ እንዲኖራቸው ተወሰነ። ጥቅማቸው ይቀድማል የተባሉት ደግሞ የሚናገርላቸው አንድ ሚስዮናዊ በሹመት እንዲሰየምላቸው ተደረገ። ቅድሚያ የተሰጠው ሰው ከበሩ ውጭ ቆሞ ስለ እርሱ ሲመከር የሚሰማበት ስብሰባ እንደምን ያለ ስብሰባ እንደሆነ አንባብያን ይፍረዱ።

በገንዘብ ረገድ የነበረው ሁኔታም ከዚህ አይለይም። ምክር ቤቱ ገቢ ባላቸው ሰዎች ላይ የገቢ ግብር ለመጣል ሞክሮ ነበር፤ ነጭ ሰፋሪዎች አጥብቀው ስለ ተቃወሙት በ1922 ተሰረዘ፤ ተመልሶ የመጣውም በ1937 ነው። በአንጻሩ አፍሪቃዊው የሚከፍለው የጎጆና የነፍስ ወከፍ ግብር ወደ 16 ሽልንግ ከፍ ብሎ ነበር። ስለዚህ ግብርና ስለ ደመወዝ መቀነስ ሕዝቡን ያነጋገረው ሃሪ ቱኩ በመጋቢት 1922 በናይሮቢ ተያዘ። ሕዝቡ በፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ በተሰበሰበ ጊዜ ጥይት ተተኮሰበት፤ መንግሥት ራሱ ባመነው ቍጥር እንኳ ከሃያ በላይ ሰዎች ሞቱ። ግብሩ በኋላ ወደ 12 ሽልንግ ዝቅ አለ። ቱኩ ግን አንዳች ፍርድ ሳይሰጥበት በግዞት ወደ ኪስማዩ ተላከ። የገቢ ግብርን የተቃወሙት ሰፋሪዎች በምክር ቤት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሲረቱ፣ የጎጆ ግብርን የተቃወመው ሰው ለዳኛ እንኳ አልቀረበም።

የዳኝነቱን ሥርዓት ስንመለከት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። አውሮፓዊ በከባድ ወንጀል ሲከሰስ ጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው በፍሬ ነገሩ ላይ የሚፈርዱ ሰዎች፣ የሚዳኙት ሲሆን እነዚህ ሰዎች አውሮፓውያን ብቻ ነበሩ። አፍሪቃዊ ሲከሰስ ግን ይህ መብት አልነበረውም፤ ዳኛው የሚያማክራቸው፣ ነገር ግን ቃላቸው ዳኛውን የማያስገድደው ረዳቶች ይቀመጡ ነበር። በአውራጃዎች ደግሞ ግብር ሰብሳቢው የአውራጃ ሹም ራሱ ዳኛ ነበር። ግብሩን ያልከፈለ ሰው የሚቀርበው ክፈል ካለው ሰው ፊት ነው።

በ1923 የደረሰውን አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይቻለንም። አንድ የእርሻ ሠራተኛ የጌታውን ፈረስ እየሳበ እንዲያመጣ ታዝዞ ሳለ ተቀምጦባት ታየ። ጌታው አስገረፈው፤ ከዚያም በዕቃ ቤት ውስጥ ታስሮ አደረ፤ በዚያው ሌሊት ሞተ። ጉዳዩ በአውሮፓውያን ጁሪ ፊት ቀረበ። ሟቹ የሞተው ከግርፋቱ የተነሣ ብቻ ሳይሆን ለመሞት በመፈለጉ ነው የሚል የሐኪሞች አስተያየት ተሰማ፤ ተከሳሹም በነፍስ ግድያ ሳይሆን በከባድ አካል ጉዳት ጥፋተኛ ተብሎ ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ዴንማርካዊቷ ደራሲ ካረን ብሊክሰን በ1937 ባሳተመችው መጽሐፍ ታሪኩን ስለ መዘገበችው ዓለም አወቀው። እኛን የሚያስጨንቀን የቅጣቱ ማነስ ብቻ አይደለም። የሟቹ ፈቃድ፣ በሕይወት ሳለ በምንም ጉዳይ ያልተጠየቀው ፈቃዱ፣ ከሞተ በኋላ ለገዳዩ ማቅለያ ሆኖ መቅረቡ ነው። ሰውን እንደ ሰው አለማየት እስከዚህ ድረስ ሊራቀቅ እንደሚችል ማሰብ ያስፈራል።

በ1933 በቡሽ የሚመራ አጣሪ ጉባኤ የኬንያን፣ የኡጋንዳንና የታንጋኒካን የወንጀል ፍርድ አካሄድ መርምሮ፣ ከባድ ጉዳዮች ከአስተዳደር ሹማምንት እጅ እየወጡ ሕግ ወደ ተማሩ ዳኞች እንዲተላለፉ አሳሰበ። የቅኝ ግዛቱ አስተዳዳሪዎች አብዛኛውን ሐሳብ ተቃወሙት። ዳኛው ሩቅ ነው፣ ሥርዓቱ ያዘግማል፣ ሕዝቡንና ልማዱን የሚያውቀው ሹሙ ነው አሉ። ዘመኑም የዓለም ኢኮኖሚ የወደቀበትና በየመሥሪያ ቤቱ ወጪ የሚቀነስበት ነበር።

ይህን መከራከሪያ ንቀን ልናልፈው አይገባንም። ጥበብ ከዐበይት ምግባራት አንዷ ናት፤ የሌለውን ገንዘብ የሚያወጣ መንግሥትም ጻድቅ አይባልም። ለአንድ ዳኛ የሚከፈለው ደመወዝ ለአንድ ሐኪም ሊከፈል ይችል ነበር ቢባል ቀላል መልስ የለውም። ደግሞም ሩቅ ያለ ፍጹም ዳኛ ቅርብ ካለ ደካማ ዳኛ ለድኻው አይሻልም ይሆናል። ዮቶር ሙሴን በገሠጸው ጊዜ የተቆረቆረው ሕዝቡ ከማለዳ እስከ ማታ በመቆሙ ነበርና፣ የፍርድ መዘግየት በራሱ በደል መሆኑን ቅዱስ መጽሐፍ ያውቃል። ነገር ግን ዮቶር መፍትሔ አድርጎ ያቀረበው የዳኞችን መብዛትና የሚሾሙትን ሰዎች ጠባይ ነው፤ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ ግፈኛ ረብን የሚጠሉ ይሁኑ አለ። ግብር ሰብሳቢው ይፍረድ አላለም።

ከዚህም በላይ የቁጠባው ክርክር የሚመዘነው ጕድለቱን ማን ይሸከመዋል በሚል ጥያቄ ነው። ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖ እንዳስተማረው የማከፋፈል ፍትሕ የጋራውን ሀብት ብቻ ሳይሆን የጋራውን ሸክም ለእያንዳንዱ በሚገባው መጠን ያካፍላል። በኬንያ ግምጃ ቤቱ በጐደለ ጊዜ የአውሮፓዊው ጁሪ አልተቀነሰም። ሎርድ ሞይን በ1932 የአገሪቱን ገንዘብ መርምሮ፣ አፍሪቃውያን ለጠቅላላው ገቢ በቂ ድርሻ ሲያዋጡ መኖራቸውንና በምላሹ የሚደረግላቸው አገልግሎት አነስተኛ መሆኑን ገልጿል። በዚህ ላይ ከ1925 ጀምሮ በየአካባቢው በተቋቋሙት የተወላጆች ምክር ቤቶች በኩል ለትምህርት ቤት ተጨማሪ መዋጮ ይከፍሉ ነበር። ስለዚህ «ገንዘብ የለም» የሚለው ቃል ገንዘቡን ለከፈለው ሰው ሲነገር ቁጠባ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ስም ይገባዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1891 ሲጽፉ መንግሥት ለድኾች የተለየ ጥበቃ እንዲያደርግ ያሳሰቡት፣ ባለጠጋው በራሱ ሀብት የሚጠበቅ ሲሆን ድኻው ግን ከሕግ በቀር ምሽግ ስለሌለው ነው። በአገራችን አንድ የተገፋ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲል ገፊው ባለበት ይቆም፣ መንገደኛውም ተቀምጦ ይዳኝ ነበር። ያ ዳኝነት ደመወዝ አልነበረውም፤ እንከንም አይታጣበትም፤ ነገር ግን ፍትሕ ለማንም ለጠየቀ ሁሉ የሚከፈል ዕዳ መሆኑን ሕዝቡ ያውቅ ነበር።

እኛን ካህናትን በተለይ የሚመለከት አንድ ነጥብ ይቀራል። በ1924 ስለ አፍሪቃውያን እንዲናገር የተሾመው የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮናዊ ጆን አርተር ነበር። በዚያ ሰዓት እርሱ ባይናገር የሚናገር አልነበረምና ወንበሩን መቀበሉን አንነቅፍም። ይሁን እንጂ ስለ ሌላው መናገር ሁለት መልክ አለው። አንዱ ሌላው ራሱ እስኪናገር ድረስ ቦታ የሚጠብቅ ነው፤ ሁለተኛው በቦታው የሚኖር ነው። ሲጀመሩ ሁለቱን መለየት ያዳግታል፤ ቃላቸው አንድ ነው፤ ቅን አሳብም ሁለቱንም ሊያሠራቸው ይችላል። የሚለያቸው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው አፍሪቃዊ፣ ኤሊዩድ ማቱ፣ ወደ ምክር ቤቱ የገባው በ1944 ነው፤ እርሱም በሹመት እንጂ በምርጫ አልነበረም። አፍሪቃውያን ተወካዮቻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጡት በ1957 ነው። ከ1924 እስከ 1944 ባሉት ሃያ ዓመታት ውስጥ አንድ ሕፃን ተወልዶ፣ አድጎ፣ ግብር ከፋይ ይሆናል።

በእነዚህ ዓመታት መካከል የማው ማው ዐመፅ ተነሣ፤ በ1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በ1953 ጉዳዮችን በፍጥነት የሚያዩ ልዩ ፍርድ ቤቶች ተቋቋሙ። ዳኞች ተገኙ፤ ወጪያቸውም ተገኘ። በአዋጁ ዘመን በስቅላት የተቀጡት ሰዎች ከ1000 በላይ ናቸው።