ከመሥሪያ ቤት መልስ ያለችው ሰዓት

በአዲስ አበባ የሚኖር የጽሕፈት ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጣው በ11 ሰዓት ተኩል ነው። ከታክሲና ከአውቶቡስ ሰልፍ ጋራ ታግሎ ቤቱ ሲደርስ ፀሐይ ከጠለቀች ቆይታለች፤ ሕፃናቱ እስኪተኙ ድረስ የሚተርፈውም ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህች ጥቂት ጊዜ ልንናገር ወደድን።

ሠርቶ ልጆችን መመገብ የተቀደሰ ተግባር ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ ለቤተ ሰቡ የማያስበውን ሰው በብርቱ ወቅሶታል። ዳሩ ግን አንዳንድ አባቶች ማሰብ ማለት ደመወዝ ማምጣት ብቻ ይመስላቸዋል።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ የተጻፈውን የዔሊን ታሪክ እንመልከት። ዔሊ በሴሎ በእግዚአብሔር ቤት መቃን አጠገብ በወንበሩ ተቀምጦ የሚያገለግል ነበር፤ የሐናን ልጅ ሳሙኤልንም በመልካም አሳድጎታል። የገዛ ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ የሚያደርጉትን ክፋት ግን የሰማው ከሕዝቡ አፍ ነው። ይህችን ነገር ልብ እንበላት። በሰማ ጊዜ ልጆቹ ጎልምሰው ነበርና ተግሣጹን አልተቀበሉትም። ዔሊ ካህን እንጂ የመዝገብ ቤት ጸሓፊ አልነበረምና ታሪኩ አስቀድሞ የሚነካው እኛን ካህናቱን ነው።

ዛሬም የልጁን ጥርስ መነቀል ከሞግዚቲቱ፥ ከጓደኛው መጣላቱን ከመምህሩ የሚሰማ አባት ብዙ ነው። ቤቱ ከገባ በኋላም ስልኩን ከእጁ ሳይለይ ልጁን «ቆይ» የሚል አለ፤ ከዚህም የባሰ በአለቃው ፊት የዋጠውን ቁጣ በሕፃኑ ላይ የሚያወርድ አለ። እናቲቱም ከመሥሪያ ቤት ውላ ስትመለስ ሁለተኛ ሥራ በምድጃው አጠገብ ይጠብቃታል፤ ባልዋ በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ «ልጆቹን ዝም አሰኚልኝ» ማለቱ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ከ7ቱ የጸሎት ጊዜያት ሁለቱን፥ ሠርክንና ንዋምን፥ በዚሁ በቀኑ መጨረሻ አድርጋለች። ሠርክ በ11 ሰዓት ነውና ሠራተኛው ገና ከሥራው አልተነሣም፤ በልቡ ይጸልየው። የንዋሙን ግን ከልጆቹ ጋራ ሊያደርሰው ይችላል። ረጅም አይሁን፤ እንቅልፍ በያዘው ሕፃን ላይ ዳዊት አይደገምበትም። አቡነ ዘበሰማያትን አብሮ ማድረስ፥ ከውዳሴ ማርያም የዕለቱን ጥቂት ማንበብ፥ ከዚያም እንዴት እንደ ዋለ ጠይቆ እስኪጨርስ መስማት ይበቃል።

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 6 ልጆችን የማስተማሩን ነገር ለመምህር ብቻ አልተወውም፤ በቤት መቀመጥን፥ በመንገድ መሄድን፥ መተኛትንና መነሣትን ሁሉ የትምህርት ጊዜ አድርጎ ቈጥሮታል። ስለዚህ የሌሊት ተረኛ የሆነ ወላጅ ማለዳውን ይውሰድ፤ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርስባት መንገድ አጭር ብትሆንም ትበቃዋለች።