«ፎቶዬ» ስንል የማንን ማለታችን ነው?

አማርኛ በፎቶግራፍ ነገር ገና ያልቋጨው ሙግት አለው። አንዲት እናት ከግድግዳቸው ላይ በመስታወት ተደርጎ የተሰቀለውን ምስል እያመለከቱ «ይህ ፎቶዬ ነው» ቢሉ፣ ያለሁበት እኔ ነኝ ማለታቸው ነው። ካሜራ ያነገተ ጎረምሳ ያንኑ ምስል ይዞ «ፎቶዬ ነው» ቢል ደግሞ፣ ያነሣሁት እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ሁለቱም አልዋሹም። ቋንቋው ለሁለቱም ፈርዷል፤ ወይም ለአንዳቸውም አልፈረደም።

ግሡም ቢሆን ቀላል አይደለም። ፎቶ «እናነሣለን»። የወደቀ እናነሣለን፤ የሰው ስም በደግም በክፉም እናነሣለን፤ ክርስትናም እናነሣለን። ክርስትና ያነሣ ሰው ታዲያ ሕፃኑን ከታቀፈ በኋላ «በሉ ደኅና ሁኑ» ብሎ መንገዱን አይቀጥልም። ዕድሜ ልኩን የሚጠየቅበት ልጅ አግኝቷል። ፎቶ አንሺስ ካነሣው ሰው ጋር ምን ዝምድና አለው? ይህንን ስጠይቅ ወዳጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ወዳጆቼ ያልኳቸው ደብረ ማርቆስ ውስጥ የምንኖር፣ ካሜራ የምንወድ ጥቂት ሰዎች ነን። አንዳችንም የፎቶ እንጀራ አንበላም። መምህር አለ፤ የባንክ ሠራተኛ አለ፤ መድኃኒት ቤት ያላት አለች፤ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ አሉ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ በጳጉሜን፣ ከአንዳችን ቤት እንሰበሰብና እያንዳንዳችን ከዓመቱ ሥራችን አብልጠን የወደድናቸውን ሦስት ሦስት ፎቶዎች እናቀርባለን። በስልክ ማሳየት ክልክል ነው፤ በወረቀት ታትሞ መምጣት አለበት። ቡና ይፈላል፤ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሙገሳና ነቀፋው ይከተላል።

አብዛኛው ፎቶ ጠብ የለበትም። ጉም የዋጠው የጮቄ ጅብራ፣ በክረምት ሞልቶ የደፈረሰ ጨሞጋ፣ ማለዳ ላይ ሰው ሳይበዛ የተነሣ የበላይ ዘለቀ ሐውልት ይቀርባል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ሲኖር ማንም ፎቶ አንሺ አስፈቅዶት አያውቅም፤ ቅር የሚለውም አይመስለኝም። ነገር የሚመጣው ሰው ሲገባበት ነው።

አንድ ዓመት መምህሩ ያመጣው ፎቶ ቡናውን አቀዘቀዘው። ዐሥር ዓመት የሚሆነው የቆሎ ተማሪ ነው። ደበሎ ለብሷል፤ አኮፋዳውን በጎኑ አንግቷል፤ ካፊያ እየጣለበት ከአንድ ግቢ በር ላይ ቆሟል። በሩ ገርበብ ብሎ በክፍተቱ የውሻ አፍንጫ ይታያል። ከውሻው በላይ አንዲት የሴት እጅ ብቻ ቁራሽ እንጀራ ይዛ ወጥታለች። ልጁ የሚያየው ካሜራውን አይደለም፤ እጇን ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በእነዚያ ስብሰባዎች ካየሁት ሁሉ የሚበልጥ ፎቶ ነበር። ሁላችንም «እሰይ!» አልን። የግብርና ባለሙያው ግን ፎቶውን ከእጃቸው ሳይለቁ ቆዩ።

«ልጁ ይህንን አይቶታል?» አሉ በመጨረሻ።

«የት አገኘዋለሁ ጋሼ? መንገድ ላይ እኮ ነው ያነሣሁት።»

«ጎጆው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። መንገዱ አይጠፋህም።» ቀጠሉና እርሳቸውም በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው እንደ ተማሩ ነገሩን። «እኔ በዚያ ዕድሜዬ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ስል፣ እናቴ በዚህ መንገድ እንዳታልፍ እየጸለይሁ ነበር። ተማሪ ከአገሩ ርቆ የሚሄደው ለምን ይመስልሃል? ቅኔ ሲዘርፍ አንሥተኸው ቢሆን ስሙን ትጠይቀው ነበር። ሲለምን ስላነሣኸው ስም አላስፈለገህም።»

መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። መልሱም የዋዛ አልነበረም። አስቀድሜ ባስፈቅደው ኖሮ ልጁ አኮፋዳውን ከኋላው ደብቆ እንደ ወታደር ይቆምልኝ ነበር፤ ያ ደግሞ ውሸት ነው፤ የአገራችን ሊቃውንት በምን መከራ እንደ ተማሩ የሚያሳየው ይህኛው ነው፤ አለ። ከሙግቱ ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው። ተዘጋጅቶ የቆመ ሰው ውሸት፣ ሳያውቅ የተያዘ ሰው እውነት ነው የሚለውን እምነት ግን ከየት አመጣነው?

የወላጆቻችን ዘመን እንዲህ አያምንም ነበር። ፎቶ ቤት የሚሄድ ሰው ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ ከሌለውም ኮት ተውሶ ነው። የሐይቅና የዘንባባ ሥዕል ካለበት መጋረጃ ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሰዓት ካሰረ ሰዓቱ እንዲታይ እጅጌውን ሰብሰብ ያደርጋል። አይስቅም። ፎቶው ሲታጠብ ከጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ይጻፍበትና ለዘመድ ይላካል። ለከተማ ልጅ ያ ሰዓት ያስቃል። ሰውየው ግን «ይህንን ብሆን እወዳለሁ» እያለ ነው፤ የሰው ምኞት ደግሞ ከእውነቱ አንዱ ክፍል ነው። ከዚህም ሌላ ሂሳቡን የሚከፍለው ተነሺው ስለ ነበር ባለቤቱም እርሱው ነበር። ከዐፄ ምኒልክ ጀምሮ ለቤተ መንግሥቱ ፎቶ ያነሣ የነበረው የአርመኖቹ የቦያጃን ቤተሰብም ቢሆን ለንጉሠ ነገሥቱ የሚያቀርበው ንጉሠ ነገሥቱ መታየት የሚወዱበትን መልክ ነው። ባለ 36 ፊልም ይዞ ጥምቀት ላይ የሚዞረው ፎቶ አንሺም ለጎረምሳውና ለኮረዳዋ ሌላ ሕግ አልነበረውም። ተነሺው ካልወደደው አይገዛውም፤ ፊልሙ ከሰረ። ዛሬ በስልካችን መቶ ጊዜ ብናነሣ የምንከፍለው የለም። ተነሺው ገንዘብ ከማውጣት ዳነ፤ ፎቶውንም አጣ። በዚህ ልዋጭ ማን እንዳተረፈ ለአንባቢ ግልጽ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ከየቤተሰቡ አልበም የተሰበሰቡ የቆዩ ፎቶዎች በመጽሐፍ ወጥተው ነበር። በነዚያ ፎቶዎች ላይ ታሪኩ የተነሺው ነው፤ ሠርጉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የመጀመሪያው መኪና የእርሱ ናቸው። ያነሣው ማን እንደ ሆነ የሚጨነቅ ብዙ ሰው የለም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንም ጠባዩ ይኸው ነው። ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ የሄደ ሰው እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለው ያያል። እቴጌይቱን ሁሉም በስማቸው ይጠራቸዋል፤ የሠዓሊውን ስም ግን ጎብኚው ሳይጠይቅ ይወጣል። በእኛ ፎቶ ነገሩ ተገልብጧል፤ የአንሺው ስም ከጥጉ በጉልህ ይጻፍና ተነሺው «የቆሎ ተማሪ»፣ «የጎጃም ገበሬ»፣ «እናት» ተብሎ ይቀራል።

ከሥዕሉ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። በጥንቱ አሣሣል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይኑ ይሣላል። አይሁድና አጋንንት ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን ናቸው። ገበሬው ካሜራ ሲያይ እርፉን ለቆ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ፊት ለፊት የሚገተረው ይህንን አስቦ ነው አልልም። እኛ ግን «እንዳላየኸን ሁን፣ ወደ ጎን ዙር» እያልን ከየትኛው ወገን እንደምንደምረው ሳስብ አንዳንዴ ያስቀኛል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 27፣ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ልብ በሉ፤ ማንሣትን አይደለም የከለከለው፤ ማሳየትን ነው። ተከታዩ አንቀጽ ግን በሩን መልሶ ይከፍተዋል። ሰውየው ዝነኛ ወይም ባለ ሥልጣን ከሆነ፣ ለፍርድ ወይም ለፖሊስ ሥራ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ከሆነ፣ ወይም ነገሩ የተፈጸመው በአደባባይ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም። የመምህራችን ፎቶ በአደባባይ የተነሣ ነው፤ ባህልም ትምህርትም አለበት። ፍርድ ቤት ቢቆም ይረታ ይሆናል። የሽማግሌው ጥያቄ ግን ከሕጉ በወዲህ የቀረ ነው።

«ታዲያ የ1977ቱ ረሃብ ሲነሣ ማን አስፈቀደ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በዚያ ዓመት የካናዳ ቴሌቪዥን ሰዎች ትግራይ ውስጥ በሞት አፋፍ ላይ እያለች የቀረጿት ሕፃን ብርሃን ወልዱ ናት። ምስሏ በዚያው ዓመት ሐምሌ በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ታይቶ ዓለምን አስለቀሰ፤ ገንዘብም አስገኘ። ልጅቱ ተርፋ፣ አድጋ፣ ተምራ፣ ሰኔ 1997 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ በላይቭ ኤይት መድረክ በእግሯ ቆመች። በዚያ ሰዓት ፈቃድ እጠይቃለሁ ብሎ ካሜራውን የሚያጥፍ ሰው ጨዋነቱ ለማንም አይጠቅምም። በአንጻሩ ዶሮቲያ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያነሣቻት ስደተኛ እናት አለች። ፎቶው በዓለም ከታወቁት አንዱ ሲሆን የሴትዮዋ ስም ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኑ የተሰማው በ1978 ነው። በዚያን ጊዜ ሴትዮዋ የተናገረችው ምሬት ነበር፤ ባልተነሣሁ ኖሮ፣ ሳንቲም አላገኘሁበትም፣ ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም አለች። ላንግ ግን ቢያንስ መንግሥት የላካት፣ የድኾችን ኑሮ ለማሳወቅ የወጣች ሠራተኛ ነበረች። እኛ የጳጉሜን ፎቶ አንሺዎች በማን ተልከናል? በፎቷችን የሚበላ ረሃብተኛ የለም። ያነሣነው አምሮን ነው። አምሮን ማንሣት ነውር አይደለም፤ የሌላውን ችግር ምክንያት ማድረግ ግን አይቻለንም።

ሌላም መከራከሪያ አለ። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን ስትመሠርት፣ አፍሪካን ሌላው ብቻ ሳይሆን አፍሪካውያን ራሳቸው አንሥተው እንዲያሳዩ የሚል መንፈስ ነበረበት። የሚያኮራ ነው። ነገር ግን «ራሳችንን ራሳችን» ስንል ደመወዝ የሚበላው መምህርና ቁራሽ የሚለምነው ተማሪ አንድ «ራሳችን» ናቸው? የፈረንጅ ካሜራ ሲሆን የሚያንገበግበን ነገር የእኛው ሰው ሲያደርገው ጥበብ የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

በተለይ ዛሬ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ክልላችን በገባበት ጦርነት፣ ካሜራ አንግቶ መዞር ለአንሺውም ለተነሺውም አስጊ ሆኗል። አንዲት ፎቶ በአንድ ሌሊት ከሺህ ስልክ በምትገባበት ዘመን መልኩ በማን እጅ እንደሚወድቅ የማያውቅ ሰው ፊቱን ቢያዞር፣ «ፎቶ ይፈራል፣ ኋላ ቀር ነው» ማለት ድፍረት ነው። ምን እንደሚፈራ ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቃል።

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ አስቀድሞ ማስፈቀድ ያንን ቅጽበት ይገድለዋል፤ በዚህ መምህሩ ትክክል ነው። በኋላ ወስዶ ማሳየት ግን ማንንም አይገድልም። ፎቶውን አሳትሞ፣ ወደ ቤቱ ሄዶ፣ «እንዲህ አንሥቼሃለሁ» ማለት ነው። እምቢ ካለ ለሰው አለማሳየት ነው። ሲወራ ቀላል ነው፤ ሲደረግ ግን ምን እንደሚያስከፍል ያየሁት በመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ነው።

ይህች ወዳጃችን አንድ ዓመት የገበያ ቀን የማገዶ እንጨት ተሸክመው ዳገት የሚወጡ ሴት አነሣች። እንደ ነገረችን ከሆነ በዕድሜዋ እንደዚያ ያለ ፎቶ አንሥታ አታውቅም። አሳተመችውና አፈላልጋ ወሰደችላቸው። ሴትዮዋ ፎቶውን ተቀብለው ብዙ አዩት። «እታለም፣ ልጄ አዲስ አበባ ነው» አሏት። «ደኅና እነግዳለሁ ነው ያልኩት። ይህንን ካየ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል።» ከዚያ ቆይ ብለዋት ገቡና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። «በይ አሁን አንሺኝ፤ ይኸኛውን እልክለታለሁ።» (እንጨቱ እንጨት አልነበረም፤ ሌላ ሥራ ነው። ልጁ ይህችን መጽሔት የሚያነብ ቢሆንስ ብዬ ለውጬዋለሁ።)

በጳጉሜን ያቀረበችው ሁለተኛውን ነው። ሴትዮዋ ከጭቃ ግድግዳ ፊት፣ እጃቸውን በጎናቸው አድርገው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ በሁለት ዐይናቸው ያዩናል። ብርሃኑ ደካማ ነው፤ ከግራ በኩል የጎረቤት ዶሮ ገብታበታለች። የባንክ ሠራተኛው «ይህ ምኑ ነው የዓመቱ ምርጥ?» ብሎ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

ሌላውን እንድታሳየኝ ለብቻዋ ሁለት ጊዜ ጠይቄያታለሁ። «እሱ የእኔ አይደለም» አለችኝ። ማየቱን ግን አሁንም እፈልጋለሁ።