በዚህ ብርድ ጎማህን ስንት ታስሞላለህ?

ልጄ፣ መኪና ገዝተህ ሥራ መጀመርህን ስሰማ ደስ አለኝ። መሪ አያያዙን ከአገር ቤት ይዘኸው መጥተሃልና ስለ እሱ አላስብም። የሚኒያፖሊስን ጥር ግን ገና አላየኸውም። ሰው ሁሉ ስለ በረዶው ያስጠነቅቅሃል፤ ጎማህ ውስጥ ስላለው ንፋስ የሚነግርህ ስለሌለ እኔ ልንገርህ።

አገር ቤት ጎሚስታው መታ መታ አድርጎ “ይበቃዋል” ካለ በቃ ነው። እዚህ በዚያ አትሂድ። የሾፌሩን በር ክፈትና በሩ የሚገጥምበትን ምሰሶ እይ፤ የፊትና የኋላ ጎማ ስንት ፒ ኤስ አይ ንፋስ እንደሚፈልግ የሚናገር ወረቀት ተለጥፎበታል። በብዙዎቹ የቤት መኪኖች ከ30 እስከ 36 ነው። የመኪናህን ቁጥር በቃልህ ያዘው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ከፍ ያለ ቁጥር ግን እንዳትከተል፤ እሱ ጎማው የሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ ነው። እስከዚያ ካስሞላኸው ጎማው መሀል መሀሉን ብቻ መሬት ይነካል፤ በረዶ ላይ ፍሬን ስትይዝም መኪናው ይንሸራተትብሃል።

በበሩ ላይ ያለው ቁጥር የሚሠራው ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው፤ መኪናው ለ3 ሰዓት ያህል ቆሞ፣ ገና ሳይነዳ ማለት ነው። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ፋራናይት በወረደ ቁጥር ከጎማው ወደ 1 ፒ ኤስ አይ ይጎድላል። በመስከረም፣ 70 ዲግሪ ላይ፣ 35 ያስሞላኸው ጎማ ጥር ላይ ከዜሮ በታች 10 ሲገባ ምስማር ሳይነካው 27 አካባቢ ይወርዳል። ጤነኛ ጎማም ቢሆን በየወሩ ትንሽ ትንሽ ስለሚያፈስ ከዚያም በታች ልታገኘው ትችላለህ።

“ዳሽቦርዱ ላይ መብራት አለኝ” ትለኝ ይሆናል። እሱን ነው የምፈራልህ። ሕጉ መብራቱ እንዲበራ የሚያስገድደው ንፋሱ ከልኩ 25 በመቶ ሲጎድል ነው። 35 የሚፈልግ ጎማ 26 ገደማ እስኪደርስ ድረስ ዝም ሊልህ ይችላል፤ አንተም በ27 ሰው ጭነህ አውራ ጎዳና 94 ላይ ትወጣለህ። ጠዋት በርቶ ትንሽ ከነዳህ በኋላ ቢጠፋም አይደለልህ፤ ጎማው ስለሞቀ እንጂ ስለሞላ አይደለም። ስለዚህ ብርዱ እስኪወጣ ድረስ በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ሞተር ሳታስነሳ፣ አራቱንም በመለኪያ ለካ። መለኪያው ጥቂት ዶላር ነው። ከሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ ትንሽ የንፋስ መሙያም ግዛ፤ የነዳጅ ማደያው ቱቦ በጣም በሚፈለግበት ቀን በረዶ ይዞት ታገኘዋለህ።

ማታ ከሥራ ስትመለስ ለክተህ ከልኩ 3 ወይም 4 ቢበልጥ አታስተንፍሰው፤ የመንገዱ ሙቀት ነው፣ ሌሊቱን ይወርዳል። ሕንፃህ ሥር ያለው ማቆሚያ ማሞቂያ ካለውማ የበለጠ ተጠንቀቅ። እዚያ በ60 ዲግሪ ልኩን ሞልተህ ከዜሮ በታች 10 ወዳለው ውጭ ስትወጣ 7 ገደማ ይጎድልብሃል። ወይ ውጭ አሳድረህ ጠዋት ሙላ፣ ወይ ለየ10 ዲግሪው ልዩነት 1 ጨምርበት።

“ለበረዶ ንፋስ ቀንስ፣ መሬት ይይዝልሃል” የሚሉህ ጓደኞች አይጠፉም። ይህ አሸዋ ውስጥ ለሰመጠ መኪና እውነት ነው። አንተ የምትነዳው ግን ሥሩ አስፋልት ባለው መንገድ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ ክብደቱን በዳርና ዳሩ ይሸከማል፣ መሀሉ ይላላል፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ቦይ ይጠብና የቀለጠውን በረዶ ገፍቶ ማውጣት ያቅተዋል። መሪ ስታዞርም ዘግይቶ ይታዘዝሃል። መጋቢት ላይ አስፋልቱ ሲቦረቦር ደግሞ ጉድጓዱ ጎማውን ጨፍልቆ ቸርኬውን ያጎብጥልሃል። ሰውን የሚያህል ነገር ጭነህ እንዲህ ያለውን ሙከራ አትሞክር፣ ልጄ።

የቫልቩን ክዳን ለክተህ ስትጨርስ መልሰህ ግጠመው፤ ውኃ ገብቶ ከቀዘቀዘ ንፋስ ያሾልካል። ፕላስቲክ ይሁን፣ ብረቱን የመንገዱ ጨው ያጣብቀዋል።

ንፋሱ ልክ ቢሆንም ጥርሱ ላለቀ ጎማ መድኃኒት አይሆንም። የዋሽንግተን ምስል ያለባትን የ25 ሳንቲም ዘቅዝቀህ በጥርሱ መካከል ክተታት፤ የዋሽንግተን ራስ ጫፍ ከታየህ ለበረዶ አይሆንም፣ ለውጠው። ስትለውጥ ከቻልክ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበትን ግዛ። ተራው ጎማ ከ45 ዲግሪ በታች እየደረቀ ሲሄድ ይኸኛው ልስላሴውን አይለቅም።

ከኋላ ዕቃ መጫኛው ሥር ያለችውን ቅያሪ ጎማም አትርሳ። ቀጭኗ ዓይነት ብዙ ጊዜ 60 ትፈልጋለች፤ ጎኗ ላይ ተጽፏል። ዛሬ ከሰዓት አውጥተህ ለካት፣ የጎደላትንም ሙላላት።