ሥሩንም አሳዩን

በጣና ሐይቅ ዳርቻ ሕዝቡ እስከ ወገቡ ውሃ ገብቶ የእምቦጭ አረም ሲጎትት የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በፌስቡክ፣ በዩቲዩብና በቲክቶክ በብዛት ተሰራጭተዋል። ብዙ ሰው አነሳስተዋልና አንሺዎቹ ምስጋና ይገባቸዋል። አረሙ ቢነቀልም ለምን ተመልሶ እንደሚመጣ የሚያስረዱት ግን ጥቂቶች ናቸው።

እምቦጭ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። በአገራችን ቀድሞ በቆቃና በአዋሽ ታይቷል፤ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ያህል እጥፍ ይሆናል። ቁራጩ ዳግም ያቆጠቁጣል፤ ዘሩም ደለል ውስጥ ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ነቅሎ ዳርቻው ላይ ከምሮ መሄድ፣ ክረምት ገብቶ ውሃው ሲሞላ ሥራውን አድሮ ቃሪያ ያደርገዋል። አረሙን የሚቀልበው ደግሞ ከማሳ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚወርድ ፍሳሽም ነው። የመገጭ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ይህን ተሸክመው ሐይቁ ይገባሉ። የጣና ጠንቅ የሚጀምረው ከላይ ከተፋሰሱ ነው።

እናንተ ቪዲዮ የምትሠሩ ወጣቶች፣ እስቲ ወደ ተፋሰሱ ውጡ። እርከን የተሠራለትንና ያልተሠራለትን ማሳ ጎን ለጎን አሳዩ። ዝናብ ካባራ በኋላ ከሁለቱም የሚወርደውን ውሃ በብርጭቆ ቀድታችሁ አስተያዩ። ይህን ያየ ገበሬ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከመልቀቃችሁ በፊት ጉዳዩን የሚያውቅ ተመራማሪ ጠይቁ፤ በሐይቁ ላይ ሲቀዝፍ የኖረውን ዓሣ አስጋሪም አትርሱ። የት፣ መቼ እንደተቀረጸ ተናገሩ። ቦታውን ከዓመት በኋላ ተመልሳችሁ ቅረጹ፤ ለውጥ የሚታየው በማመሳከር ነውና።

ለችግኝም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲገለጽ ዓለም ሁሉ ሰምቷል። የችግኝ ፈተናው ግን በጋው ነው። በጥርና በየካቲት ወደተተከለበት ሄዳችሁ የትኛው እንደጸደቀ፣ የትኛው እንደደረቀ፣ ምክንያቱም ምን እንደሆነ አሳዩን። ተተከለ ብሎ ማጨብጨብ ብቻ ለሚቀጥለው ክረምት የሚያስተምረን ነገር የለም።

እናንተ ተመራማሪዎች ደግሞ፣ የደከማችሁበት ጥናት በእንግሊዝኛ ታትሞ ብቻ አይቅር። ሁለት ደቂቃ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በየአካባቢው ቋንቋ ተናገሩት። እርግጠኛ የሆናችሁበትንና ገና የምታጠኑትን ለይታችሁ ንገሩን። ኢንተርኔት ውድና ደካማ ለሆነበት ገጠር መጠኑ የቀነሰ ቪዲዮ በቴሌግራም ላኩ፤ የግብርና ባለሙያው በስልኩ ይዞ ቀበሌ ያድርሰው።

እኛም ተመልካቾች ኃላፊነት አለብን። የቆየ ምስል እንደ ዛሬ ሲቀርብልን፣ አንድ ዱቄት ወይም ፈሳሽ እምቦጭን ባንዴ ያጠፋል ሲባል፣ ማን እንዳረጋገጠው ሳንጠይቅ አናጋራ። ሐሰት ካጋራን በዚያው ገጽ በግልጽ እናርም።

ሕዝባችን ለጣና ተጠርቶ ጉልበቱን አልነፈገም። ተስፋ የሚያስቆርጠው ድካሙ ለምን ፍሬ እንዳጣ የሚነግረው ማጣቱ ነው። ምክንያቱን በዓይኑ ያየ ሰው አረሙን ከውሃው አርቆ ያስወግዳል፣ እርከኑንም ክረምት ሳይገባ ይጠግናል። ስልክ የያዝን ሁሉ ይህን ዕውቀት እናድርስለት።